የዓሣ ገንዳ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፤ ጉድለቱን ስለ መፈለግና አዲስ ስለ መሥራት

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በአንድ ሰኞ ጧት፣ ወደ ሕይወት ሳይንስ ቤተ ሙከራ የገባ አንድ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲመግባቸው ከቆዩት 30 ቆሮሶዎች መካከል 19ኙን ሞተው በገንዳው ላይ ተንሳፍፈው አገኛቸው። በዚያው ገንዳ የነበሩት ሁለት አምባዛዎች ግን ምንም አልሆኑም ነበር። በፓምፑ መቆጣጠሪያ ሣጥን ላይ ያለችው መብራት እንደ በራች ናት፤ ፓምፑ ግን ቆሟል። ዘበኛውን ብንጠይቃቸው ቅዳሜ ሌሊት መብራት ለጥቂት ደቂቃዎች ጠፍቶ እንደ ተመለሰ ነገሩን። ሁላችንም ነገሩን ሳንመረምር መቆጣጠሪያው ተቃጥሏል ብለን ፈረድን። ከመካከላችን አንዱ የማስነሻውን ቁልፍ ቢጫነው ግን ፓምፑ ወዲያውኑ ተነሥቶ እንደ ወትሮው መሥራት ጀመረ።

እንግዲህ መሣሪያው አልተበላሸም ነበር ማለት ነው። ኮረንቲ ሲመለስ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫንለት ድረስ እንዲጠብቅ ሆኖ ስለ ተሠራ፣ የታዘዘውን ፈጽሟል። ጓደኛችንም የአራት ወር ድካሙን ትቶ ምርምሩን ከመጀመሪያው ለመጀመር ተገደደ።

ይህ ነገር ሁለት ጥያቄዎችን እንድናነሣ አደረገን። የመጀመሪያው፣ ፓምፕ ሲቆም ጉድለቱ ከውሃው ይሁን ከሞተሩ ወይም ከመቆጣጠሪያው በምን ይታወቃል? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ለዚህ ሥራ የሚታመን መቆጣጠሪያ ራሳችን ልንሠራ እንችላለን ወይ? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለነዚህ ጥያቄዎች ያገኘነውን መልስ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ነው። የደረስንበትን አሳብ አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚመዘነው ፓምፑ እየዞረ ሳለ ሳይሆን ከቆመ በኋላ ያለ ሰው ርዳታ መልሶ በማስነሣቱ ነው። ችግሩም ጥበቡም ያለው በአነሣሡ ላይ ነው።

ሀ. ውሃው ሲቆም ምን ይደርሳል?

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ጨው አልባ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በአንድ ሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን 8.3 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ኮሌጃችን በሚገኝበት በአዲስ አበባ ግን ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያው ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ወደ 6.2 ሚሊግራም ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ የኛ ዓሦች ገና ከመነሻው ስንቃቸው አንድ አራተኛ የጎደለ ነው።

ፓምፑ የውሃውን ገጽ እያናወጠ አየር ከውሃ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ውሃውን በማጣሪያው ውስጥ ያሳልፈዋል። በማጣሪያው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዓሦቹ የሚያስወጡትን መርዛም አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ለዚህም ሥራ እነሱም ኦክሲጅን ይሻሉ። እንግዲህ ፓምፑ ሲቆም ትንፋሹም ጽዳቱም አብረው ይቆማሉ። አምባዛዎቹ የተረፉት ከስንጥባቸው በላይ አየር የሚተነፍሱበት ተጨማሪ አካል ስላላቸው ነው። ቆሮሶ ግን ይህ አካል የለውም፤ ቢጨንቀው ወደ ላይ ወጥቶ በውሃው ገጽ ያለውን ስስ ንብርብር ከመሳብ በቀር ሌላ አማራጭ አያገኝም።

ለ. ሁለት ዓይነት ሞተሮች

መቆጣጠሪያውን ከመንካታችን በፊት ፓምፑ ምን ዓይነት ሞተር እንዳለው ማወቅ ይገባናል።

አንደኛው ዓይነት በቀጥታ ከ220 ቮልት ሶኬት የሚሰካው ነው። ይህ ሞተር በተለዋዋጭ ኮረንቲ ይሠራል። የሚዞረው ክፍሉ ቋሚ ማግኔት ነው፤ የማይዞረው ክፍሉ ደግሞ ውሃ እንዳይነካው በሙጫ የተደፈነ ጥምጥም ሽቦ ነው። ማግኔቱ በውሃው ውስጥ እንዳለ ስለሚዞር ውሃ ሊያፈስ የሚችል የዘንግ ማሸጊያ አያስፈልገውም። ኮረንቲው በሰኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ሁለት ዋልታ ያለው ማግኔት በሰኮንድ 50 ጊዜ፣ በደቂቃም 3,000 ጊዜ ይዞራል። ሲነሣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሊዞር ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ውሃ የሚገፋባቸው ክንፎች ቀጥ ያሉ እንጂ የተቆለመሙ አይደሉም።

ብዙ ሰው ይህን ፓምፕ በአምፑል ማደብዘዣ ሊያዘገየው ይሞክራል። ነገር ግን የዚህ ሞተር ፍጥነት የተያዘው በኮረንቲው ምልልስ እንጂ በቮልቱ አይደለም። ቮልቱ ሲቀነስ ጉልበቱ ይደክማል እንጂ ፍጥነቱ አይቀንስም፤ እየደከመ ሄዶም በአንድ ጊዜ እርምጃው ይጠፋበትና እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። ስለዚህ ፍጥነቱ እንዲለዋወጥ የሚፈለግ ፓምፕ ከዚህ ዓይነት ባይሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ዓይነት በ12 ወይም በ24 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ የሚሠራው ነው። በገንዳችን ያለው ይህ ነው። የሚዞረው ክፍል እዚህም ማግኔት ነው፤ ነገር ግን ጥምጥሞቹ ሦስት ናቸው፤ ከፓምፑ የሚወጡትም ሽቦዎች ሦስት ናቸው። በድሮው የቀጥታ ኮረንቲ ሞተር ኮረንቲውን ከጥምጥም ወደ ጥምጥም የሚያዘዋውሩት እየታከኩ የሚያልቁ የከሰል ብሩሾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ይህ ዝውውር ያለ ብሩሽ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሊፈጸም እንደሚችል በጽሑፍ አቀረቡ። የዛሬው የፓምፕ መቆጣጠሪያ የዚሁ አሳብ ልጅ ነው።

ሐ. የመቆጣጠሪያው ሥራ

ሦስቱ ጥምጥሞች በአንድ ጫፋቸው ተገናኝተዋል። በሌላው ጫፋቸው እያንዳንዳቸው በሁለት ሞስፌት ትራንዚስተሮች ይያዛሉ፤ አንዱ ወደ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ወደ ኔጌቲቭ የሚያገናኝ ነው። ጠቅላላ ድምሩ ስድስት ይሆናል። በማንኛውም ጊዜ ኮረንቲ የሚያልፈው በሁለቱ ጥምጥሞች ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ያርፋል። ተራው በስድስት እርምጃ ተለዋውጦ ሲያበቃ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

እዚህ ላይ ጊዜው ዋና ነገር ነው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ዥዋዥዌው ወደሱ መጥቶ ሊመለስ ሲል ቢገፋው ይረዳዋል፤ ገና ሲመጣ ቢገፋው ግን ያቆመዋል። መቆጣጠሪያውም እንደዚሁ ማግኔቱ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ኮረንቲውን ቢለውጥ ሞተሩን ያቆመዋል። በገንዳችን ፓምፕ ውስጥ ያለው ማግኔት አራት ዋልታ ስላለው በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰኮንድ 600 እርምጃ መለወጥ ያስፈልጋል። አንዱ እርምጃ የሚቆየውም ከአንድ ሺኛ ሰኮንድ ብዙም አይበልጥም፤ 1.67 ሺኛ ሰኮንድ ነው።

ታዲያ ማግኔቱ የት እንዳለ በምን ይታወቃል? ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው በጥምጥም አጠገብ የሚንቀሳቀስ ማግኔት በጥምጥሙ ውስጥ ቮልት ይፈጥራል። ያረፈው ሦስተኛው ጥምጥም እንግዲህ ሥራ ፈት አይደለም፤ ማግኔቱ ሲያልፍበት የሚፈጠረውን ቮልት ያሳያል። ይህ ቮልት ከመካከለኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ያስተውላል፤ የእርምጃውን ግማሽ ያህል ከጠበቀ በኋላም ተራውን ይለውጣል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። የቆመ ማግኔት ምንም ቮልት አይፈጥርም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ሲያስነሣ የማግኔቱን ቦታ አያውቅም። መጀመሪያ በሁለቱ ጥምጥሞች ኮረንቲ ሰድዶ ማግኔቱን ወደ አንድ የታወቀ ቦታ ይጎትተዋል። ከዚያም ምንም ሳያይ እርምጃውን ቀስ በቀስ እያፋጠነ ይመራዋል። ፍጥነቱ ከሙሉው አንድ አሥረኛ ገደማ ሲደርስ የሚፈጠረው ቮልት ሊለካ ስለሚችል ከዚያ ወዲያ እያየ መምራት ይጀምራል። ማግኔቱ በነዚህ ጥቂት ጊዜያት ወደ ኋላ ቢቀር ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

መ. ጉድለትን የመፈለግ ቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድሞ መሰኪያው ከሶኬቱ ይነቀል። ገንዳው ላይ በኮረንቲ የሚሠራ ነገር ተሰክቶ ሳለ እጅን ውሃ ውስጥ መክተት አይገባም። ወደ ሶኬት የሚሄደው ሽቦም ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደ ገና ወደ ላይ እንዲወጣ መደረግ አለበት፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ውሃ ከሶኬቱ ሳይደርስ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባልና።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ከውሃው ተነሥቶ ወደ መቆጣጠሪያው እንዲሄድ እንመክራለን። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ሣጥኑን ይፈታል።

1ኛ. የሚዞረው ክፍል። የፓምፑን ክዳን ከፍቶ ማግኔቱን በጣት ማዞር ነው። በየተወሰነ ቦታ ለስለስ ያለ መያዝ ቢሰማ የማግኔቱ ጠባይ ስለ ሆነ አያስጋም። የሚፋቅ ወይም የሚጎረብጥ ከሆነ ግን አሸዋ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም የኖራ ቅራሪ ይኖራል። ኖራውን ለጥቂት ሰዓት በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ በደንብ መታጠብ አለበት። የሴራሚኩ ዘንግ ስንጥቅ እንዳለውም መታየት ይገባዋል።

2ኛ. ጥምጥሞቹ። ሦስቱን ሽቦዎች ከመቆጣጠሪያው ለይቶ ሁለት ሁለቱን በቴስተር መለካት ነው። በኛ ፓምፕ ሦስቱም ልኬቶች 1.2 ኦም ገደማ ሆነዋል። መጠኑ ከፓምፕ ፓምፕ ይለያያል፤ ዋናው ነገር ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለ አነስተኛ ኦም ሲለካ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ የሽቦዎቹን የራሳቸውን ኦም መቀነስ ያስፈልጋል። አንዱ ጥምጥም ከተቆረጠ ከሦስቱ ልኬቶች ሁለቱ ምንም አያሳዩም፤ አንዱ ብቻ ደኅና ይሆናል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሣም፤ ባለቤቱም መቆጣጠሪያውን ይወቅሳል።

3ኛ. የሽቦው መጋጠሚያ። እርጥበት ባለበት ቦታ የመዳብ መጋጠሚያ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ሲለካ የተገናኘ ይመስላል፤ ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍበት ግን ቮልቱን ይበላዋል።

4ኛ. አዳፕተሩ። ሥራ ሳይኖርበት 24 ቮልት ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም። መለካት ያለበት ፓምፑ በሚነሣበት ቅጽበት ነው። በዚያ ጊዜ ቮልቱ እጅግ ከወረደ መቆጣጠሪያው ራሱ ይጠፋል፤ ጭነቱ ሲለቀው እንደ ገና ይበራል፤ እንደ ገናም ሊያስነሣ ሞክሮ ይጠፋል። ይህ ሁኔታ የመቆጣጠሪያ ብልሽት ይመስላል። ጥፋቱ ግን የደረቀ ካፓሲተር ያለበት ያረጀ አዳፕተር ነው።

5ኛ. መቆጣጠሪያው። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ብቻ ሣጥኑ ይከፈት። ኮረንቲው ተነቅሎ ካፓሲተሩም ባዶ ከሆነ በኋላ ቴስተሩን በዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጎ ከሦስቱ የሞተር መውጫዎች እያንዳንዱን ከፖዘቲቩና ከኔጌቲቩ ጋር መለካት ነው። ጤነኛ ሞስፌት በአንድ በኩል ግማሽ ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በሌላው በኩል ይዘጋል። በሁለቱም በኩል ዜሮ የሚያሳይ ካለ ያ ትራንዚስተር ተቃጥሏል። ሆዱ ያበጠ ካፓሲተር ካለም መለወጥ አለበት።

ሁሉም ልኬት ትክክል ሆኖ ፓምፑ ባይነሣ፣ የቀረው የመሣሪያው ሥርዐት ነው። በኛ ገንዳ የደረሰው ይህ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጉድለትም ቴስተር አያሳየውም።

ሠ. አዲሱን መቆጣጠሪያ እንዴት እንደ ሠራነው

የተጠቀምንበት ፓምፕ 24 ቮልትና 40 ዋት ነው፤ ኮረንቲው እንግዲህ 1.7 አምፔር ያህል ይሆናል። ስድስቱን ሞስፌቶች ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚችሉ አድርገን መረጥናቸው። በመግቢያው ላይ የ3 አምፔር ፊውዝና 50 ቮልት የሚችል የ470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አኖርን። የሦስቱ ጥምጥሞች ቮልት ለማይክሮኮንትሮለሩ እንዳይበዛበት በ10,000ና በ1,500 ኦም ሬዚስተሮች አካፈልነው፤ በዚህም 24ቱ ቮልት ወደ 3.1 ቮልት ይወርዳል። ኮረንቲውን ለመለካት በኔጌቲቩ መስመር ላይ የ0.05 ኦም ሬዚስተር አስገባን፤ 2 አምፔር ሲያልፍበት አንድ አሥረኛ ቮልት ያሳያል። ፍጥነቱ የሚገዛው ኮረንቲውን በሰኮንድ 20,000 ጊዜ በማብራትና በማጥፋት ነው፤ ይህ ከሰው ጆሮ በላይ ስለ ሆነ ጩኸቱ አይሰማም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የአንዱ ጥምጥም የላይኛውና የታችኛው ሞስፌት ለቅጽበትም ቢሆን አብረው ከበሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቀጥታ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንዱ ጠፍቶ ሌላው እስኪበራ ድረስ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰኮንድ ያህል ዕረፍት ሰጠናቸው። ይህን ከመማራችን በፊት ሁለት ሞስፌቶች አቃጥለናል።

የመጀመሪያው ሥራችን በጠረጴዛ ላይ ያማረ ነበር። ፍጥነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ልባችን ሆነ፤ እኛም ተደሰትን። ፓምፑን ሁለት ቀን አቁመን ብናስነሣው ግን ተንቀጥቅጦ ቀረ። ማግኔቱ ከዘንጉ ጋር በስስ ቅራሪ ተያይዞ ስለ ነበረ፣ ለመጎተት የመደብንለት አንድ አሥረኛ ሰኮንድ አልበቃውም። በዚያ ጊዜ ገንዳው ላይ ተክለነው ቢሆን ኖሮ የሐምሌው ነገር ይደገም ነበር።

ከዚህ በኋላ የአነሣሡን ሥርዐት እንዲህ አድርገን ለወጥነው። መጎተቻው ወደ ግማሽ ሰኮንድ ተራዘመ። ከተነሣ በኋላ የሚጠበቀው ቮልት ካልታየ መቆጣጠሪያው ኮረንቲውን ያቋርጣል፤ ሁለት ሰኮንድ ያርፋል፤ ማግኔቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጎ እንደ ገና ይሞክራል። አምስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ደወል ያሰማል፤ በባትሪ የሚሠራውን አነስተኛ የአየር መንፊያም ያበራል። ይሁን እንጂ ተስፋ አይቆርጥም፤ በየደቂቃው ይሞክራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥምጥሙ እንዳይግል ኮረንቲው ከ2 አምፔር በላይ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ማይክሮኮንትሮለሩም ራሱ ቢደነዝዝ ከመጀመሪያው እንዲያስጀምረው የሚያደርግ የጥበቃ ሰዓት በውስጡ አለ። ከሁሉም በላይ፣ ኮረንቲ ሲመለስ የማንንም ቁልፍ አይጠብቅም።

ረ. ስለ ፍጥነትና ስለ ኃይል

ፍጥነትን መቀነስ ትልቅ ጥቅም አለው። የፓምፑ ፍጥነት ሲቀንስ የሚገፋው ውሃ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ውሃውን የሚያነሣበት ከፍታ ግን በፍጥነቱ ካሬ፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ልክ ይቀንሳል። ሆኖም ይህ ሕግ ያላሰበውን ሰው ያሳስተዋል።

የኛን ፓምፕ እንውሰድ። በሙሉ ፍጥነቱ ውሃን እስከ 4 ሜትር ያነሣል። በግማሽ ፍጥነት የሚበላው ኃይል ከ40 ወደ 5 ዋት ስለሚወርድ እጅግ ያስደስታል። ነገር ግን ሊያነሣ የሚችለው ከፍታ 1 ሜትር ብቻ ይሆናል። በገንዳችን ውሃው ከታችኛው ማጣሪያ ሣጥን 1.2 ሜትር መውጣት አለበት። ስለዚህ ፓምፑ ይዞራል፤ መብራቷም ትበራለች፤ ውሃ ግን አንዲት ጠብታ አይወጣም። ከሙሉው ፍጥነት 55 ከመቶ በታች መውረድ እንግዲህ ከማቆም አይለይም።

እኛ የመረጥነው 70 ከመቶውን ነው። በዚህ ፍጥነት የሚያነሣው ከፍታ 1.96 ሜትር፣ የሚበላው ኃይልም 14 ዋት ያህል ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 168 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ዕድሜያቸው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 84 ዋት ሰዓት እናገኛለን። በሙሉ ፍጥነት ይህ የሚበቃው ለሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በ70 ከመቶ ግን ለስድስት ሰዓት ይደርሳል። መቆጣጠሪያው መብራት መጥፋቱን ሲያውቅ ፍጥነቱን በራሱ ወደዚህ ያወርዳል። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ቢያድር ልዩነቱ የዓሦቹ ሕይወት ነው።

መደምደሚያ

አዲሱ መቆጣጠሪያ ገንዳው ላይ ከመተከሉ በፊት የፈተንነው በፍጥነቱ ወይም በጸጥታው አይደለም። ከሶኬቱ መቶ ጊዜ ነቅለን መቶ ጊዜ ሰካነው፤ አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ሰኮንድ፣ አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ሌሊት፣ አንዳንድ ጊዜም ማግኔቱን ሆን ብለን በእጃችን ይዘን። መቶውንም ጊዜ ራሱ እስኪነሣ ድረስ ወደ ገንዳው አልወሰድነውም። ለሌሎች ቤተ ሙከራዎችም የምናቀርበው አሳብ ይኸው ነው። በገበያ የተገዛም ሆነ በተማሪ እጅ የተሠራ መቆጣጠሪያ ዓሣ ያለበት ገንዳ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ መሰኪያው ይነቀልና ይሰካ፤ ሰው ሳይነካውም ፓምፑ ሲነሣ በዓይን ይታይ። ይህ ምርመራ የሚጠይቀው ቴስተር እንኳ አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ግን ያን ሁለት ደቂቃ ስላላጠፋን 19 ዓሦችና የአንድ ጓደኛችን የአራት ወር ሥራ ጠፍተውብናል።